በአረጋውያን መጦሪያ የሚደረግ የአእምሮ ጤና ልየታ መቼ ይታመናል?

የአእምሮ ጤና ልየታ በሽታን መበየን አይደለም። ለሁሉም ሰው በተመሳሳይ መንገድ የሚቀርቡ ጥቂት ጥያቄዎችን በመጠቀም፣ ሙሉ ምርመራ የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ለጊዜው ከማያስፈልጋቸው መለየት ብቻ ነው። ሥራው የወንፊትን ሥራ ይመስላል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ መያዝ የነበረበት ያመልጣል፣ ሲጠብ ደግሞ ማለፍ የነበረበት ይያዛል። በአረጋውያን መጦሪያ ግን ስለ ቀዳዳው ስፋት ከመነጋገር በፊት መልስ የሚሻ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ጥያቄው በትክክል መሰማቱ፣ የተሰማው በትክክል መረዳቱ፣ መልሱም ያለ ፍርሃትና ያለ ይሉኝታ መሰጠቱ ነው። እነዚህ ካልተሟሉ በቅጹ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የአረጋዊውን አእምሮ ሳይሆን የጠያቂውን ችኮላ የሚለካ ይሆናል።

በዚህ ጉዳይ ረጅም የአሠራር ልምድ ያላት አሜሪካ ናት። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የመጦሪያ ማዕከላት ማሻሻያ ሕግ፣ ለአነስተኛ ገቢ ሰዎች ከተመደበው የመንግሥት የጤና ገንዘብ ክፍያ ወደሚቀበል ማዕከል የሚገባ ሰው ከመግባቱ በፊት ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለበትና እንደሌለበት እንዲጣራ አስገድዷል። ከገባ በኋላም በ14 ቀናት ውስጥ ሙሉ ግምገማ ይደረግለታል፤ በየሦስት ወሩም ሁኔታው እንደገና ይታያል። ሆኖም ለብዙ ዓመታት ስለ ነዋሪው ስሜት የሚሞላው ቅጽ በሠራተኞች ምልከታ ላይ ብቻ የቆመ ነበር። ነዋሪው መናገር እስከቻለ ድረስ በቅድሚያ ራሱ እንዲጠየቅ የተደረገው እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2010 ጀምሮ ነው። በእኔ እምነት ከዚያ ሥርዓት ልንወስደው የሚገባን ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ዝም ብለው ጥግ ይዘው የሚቀመጡ አረጋዊት “ጸባየ ሸጋ ናቸው፣ ሰው አያስቸግሩም” ተብለው ሲታለፉ፣ ውስጣቸው ያለውን ሊነግሩን የሚችሉት እርሳቸው ብቻ ናቸውና።

እኛ ዘንድ ደግሞ አብዛኛው አረጋዊ የሚኖረው ከቤተሰቡ ጋር ስለሆነ፣ ወደ መጦሪያ የሚገባው በብዛት ጧሪ ቀባሪ ያጣ፣ ልጆቹን በሞት ወይም በስደት የተነጠቀ፣ ወይም ከቀዬው የተፈናቀለ ሰው ነው። ስለዚህ መግባቱ ራሱ ከኀዘን ጋር የተያያዘ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታይ እንባና እንቅልፍ ማጣት ከቤት መለየት የሚያመጣው ተፈጥሯዊ ስሜት ሊሆን ይችላልና፣ የስሜት ልየታ ሰውየው ጥቂት ከተረጋጋ በኋላ፣ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ገደማ ቢደረግ የተሻለ ይመስለኛል። በመጀመሪያው ቀን የግድ መታየት ያለባቸው ግን ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንደኛው ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሲሆን፣ ሁለተኛው በድንገት የመጣ የአእምሮ መዛባት ነው።

ይህ ሁለተኛው ጉዳይ ከሁሉም ይቅደም የምለው፣ ካልታወቀ ሌላውን የልየታ ውጤት ሁሉ ስለሚያበላሸው ነው። ሐኪሞች ዴሊሪየም የሚሉት ይህ ሁኔታ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የሚመጣ፣ ጠዋት ረገብ ብሎ ማታ የሚብስ፣ አረጋዊውን የሚያቀባዥር ወይም በተቃራኒው የሚያደነዝዝ የአእምሮ መዛባት ነው። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከአእምሮ ውጭ ነው፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ የሽንት መታገት፣ ከባድ የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በጣና ዙሪያ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ወባ ስለሚበረታ፣ በእነዚህ ወራት በድንገት መቀባዠር የጀመሩ አረጋዊ የደም ምርመራ ሳይደረግላቸው “ጃጅተዋል” ሊባሉ አይገባም። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ይጠጡ የነበሩ ሰውም ወደ ማዕከሉ ገብተው መጠጡ በድንገት ሲቋረጥባቸው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሊንቀጠቀጡና የሌለ ነገር ሊያዩ ይችላሉ፤ ይህም ለሕይወት የሚያሰጋ ስለሆነ አስቸኳይ ሕክምና ይፈልጋል።

ዴሊሪየምን ለመለየት በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ ዶክተር ሻሮን ኢኑዬና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጡት ሲሆን፣ በአራት ነጥቦች ላይ ያተኩራል። ለውጡ በድንገት መጥቶ ከፍ ዝቅ የሚል መሆኑና ሰውየው ሐሳቡን መሰብሰብ አለመቻሉ ሁለቱም መኖር አለባቸው፤ ከእነዚህ በተጨማሪ የንግግር መዘበራረቅ ወይም የንቃት መለዋወጥ ከታየ ዴሊሪየም ይጠረጠራል። ሐሳብ መሰብሰብን ለመፈተን ማንበብና መጻፍ አያስፈልግም፤ የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ጀምረው ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ መጠየቅ ይበቃል። ለውጡ መቼ እንደጀመረ የሚያውቁት ግን አጠገባቸው የሚተኙትና የሚንከባከቧቸው ሰዎች ስለሆኑ፣ የእነርሱ ቃል የግድ መሰማት አለበት። ዴሊሪየም የተጠረጠረበት ሰው የዚያ ቀን የመርሳት ወይም የስሜት ልየታ ሊደረግለት አይገባም፤ ሥር ያለው ሕመም ታክሞ ሲሻለው ይደገማል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጆሮና ዓይን ነው። ጥያቄውን በግማሽ የሰሙ አረጋዊት በግምት ይመልሳሉ፤ ጠያቂው ደግሞ ግምታቸውን እንደ መርሳት ይቆጥረዋል። ጆሮን የደፈነ ኩክ ማስወጣት፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ በወፍራም ድምፅና በዝግታ መናገር፣ ሬዲዮ ከሚጮህበትና ሰው ከሚተላለፍበት ቦታ መራቅ ውጤቱን ሊለውጡ የሚችሉ ሥራዎች ናቸው። ዓይንን በተመለከተ የእኛ አካባቢ የራሱ ሸክም አለው። የአማራ ክልል በዓለም ላይ የትራኮማ ጫና ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ለዓመታት በተቀለበሰ ሽፋሽፍት ዓይናቸው የተጎዳ ወይም በሞራ የተሸፈነ አረጋውያን በየመጦሪያው አሉ። ሥዕል የሚያሳይ ወይም የሚያስነብብ ፈተና ለእነዚህ ሰዎች የማየት ፈተና እንጂ የአእምሮ ፈተና አይደለም።

ከዓይን ጋር የተያያዘ፣ ብዙም የማይነገር አንድ ሁኔታም እዚህ ላይ መነሣት አለበት። ማየት በጣም የደከማቸው ሰዎች አንዳንዴ የሌሉ ነገሮችን በግልጽ ያያሉ፤ ትንንሽ ልጆች፣ ያጌጡ ሰዎች፣ አበባ ወይም እንስሳት ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ በሕክምናው ዓለም ቻርልስ ቦኔ ሲንድረም ተብሎ የሚታወቅ ሲሆን፣ ከዓይን የሚመጣ መረጃ ሲቋረጥበት አንጎል በራሱ ምስል ስለሚፈጥር የሚከሰት ነው። የሚያዩት ነገር ድምፅ የለውም፤ ሰዎቹም ብዙውን ጊዜ እውን አለመሆኑን ያውቃሉ፣ አእምሯቸውም ጤናማ ነው። ነገር ግን “አብደሃል” ወይም “መንፈስ አለብህ” እንዳይባሉ ፈርተው ይደብቁታል፤ ከተናገሩም ለሥነ ልቦና ቀውስ፣ ማለትም እውኑን ካልሆነው መለየት ለሚያሳጣ ሕመም፣ የሚሰጥ መድኃኒት ሊታዘዝላቸው ይችላል። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ፣ ይኸውም “የሚያዩት ነገር በእርግጥ ያለ ይመስልዎታል? ድምፁንስ ይሰሙታል?” የሚለው፣ ከዚህ ስሕተት ሊያድን ይችላል።

ስለ መርሳት በሽታ ሲነሣ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው የአእምሮ ሁኔታ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1975 በማርሻል ፎልስቲንና በባልደረቦቻቸው የተዘጋጀው ባለ 30 ነጥቡ ፈተና ነው። ይህ ፈተና ተፈታኙን ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሰ እንዲቆጥር፣ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ፣ የተጻፈ ትእዛዝ አንብቦ እንዲፈጽም፣ ተደራራቢ ባለ አምስት ጎን ቅርጾችን አይቶ እንዲስል ይጠይቃል። በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ፣ በጉልምስናቸው ሲያርሱ ወይም ሲፈትሉ የኖሩ፣ እርሳስ ይዘው የማያውቁ አረጋዊት በዚህ ፈተና ዝቅተኛ ነጥብ ቢያገኙ የሚያስረዳን ስለ ትምህርት ዕድላቸው እንጂ ስለ አንጎላቸው አይደለም። በዚህ ምክንያት ባላደጉ አገሮች ያለውን የመርሳት በሽታ የሚያጠናው ቡድን፣ ትምህርት የማይጠይቁ የቃል ጥያቄዎችን ከቅርብ ሰው ከሚገኝ መረጃ ጋር የሚያጣምር ዘዴ ተጠቅሟል። የቡድኑ ስም “10/66” ሲሆን፣ ከመርሳት ሕሙማን 66 በመቶው በታዳጊ አገሮች እየኖሩ ከምርምሩ ግን ስለ እነርሱ የሚደረገው ከ10 በመቶ በታች መሆኑን ለማመልከት የተሰየመ ነው።

ጊዜንና ቦታን የሚመለከቱ ጥያቄዎችም ከአኗኗራችን ጋር ካልተገናዘቡ ያሳስታሉ። “ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?” ተብለው “ዛሬማ ገብርኤል ነው” ያሉ እማሆይ፣ ዕለቱ ከወሩ 19ኛው ከሆነ ሙሉ በሙሉ ልክ ናቸው። ዓመቱን በቁጥር ሳይሆን “ዘመነ ማርቆስ” ብለው የሚጠሩም፣ ወሩን በረመዳን ወይም በሸዋል የሚያሰሉ ሙስሊም አረጋዊም እንዲሁ ናቸው። የባሕር ዳር ክፍለ ከተሞች ፋሲሎ፣ ጊሽ ዓባይ፣ በላይ ዘለቀ እየተባሉ ቢጠሩም፣ የቆየ ነዋሪ ሰፈሩን በቀድሞው የቀበሌ ቁጥር ቢጠራ ቦታ ጠፍቶበታል ማለት አይደለም። ከደቅ ደሴት የመጡትን ደግሞ የማያውቁትን ሰፈር ስም ከመጠየቅ ይልቅ “አሁን ያለነው በሐይቁ ዳር ነው ወይስ በደሴቱ?” ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ እርሱም ሳያስጠረጥር ስለሚያልፍ የከፋ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ አባት መዝሙረ ዳዊትን በቃላቸው ሲደግሙ፣ ወይም የደንገል ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ ሰው አሠራሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲያስረዱ የሰማ ጠያቂ “እኚህማ አንዳች አልነካቸውም” ሊል ይችላል። ነገር ግን በልጅነት የተጠናና በእጅ የተለመደ ነገር የመርሳት በሽታ ጀምሮም ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ይቆያል። መጀመሪያ የሚጎዳው አዲስ ነገርን መያዝ ስለሆነ፣ መጠየቅ ያለበት ዛሬ ጠዋት ምን እንደበሉ፣ ትናንት ማን እንደጠየቃቸው፣ ከደቂቃዎች በፊት የተነገሯቸው ሦስት ቃላት ምን ምን እንደነበሩ ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያውቋቸውን እንስሳት እንዲጠሩ ማድረግም ፊደል ለቆጠረውም ላልቆጠረውም የሚሆን ፈተና ነው።

ወደ ድባቴ (ዲፕሬሽን) ስንመጣ በጤና ተቋማት በብዛት የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ የሆነው ፒኤችኪው-9 የተባለው መጠይቅ ነው። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ካለፉት ሁለት ሳምንታት ስንቱን ቀን ችግሩ እንደነበረ እየጠየቀ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፣ ድምሩም እስከ 27 ይደርሳል፤ 10ና ከዚያ በላይ ሲሆን ሙሉ ምርመራ ያስፈልጋል ይባላል። ከዘጠኙ ውስጥ ግን እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት፣ ሐሳብ መሰብሰብና የእንቅስቃሴ መዘግየት በእርጅናና በሥጋዊ ሕመምም የሚለወጡ ናቸው። የልብ ድካም ያለባቸው እናት ሳይከፋቸውም ከፍ ያለ ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ። በተለይ ለአረጋውያን የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1986 ወደ 15 ጥያቄዎች ያጠረው የአረጋውያን ድባቴ መለኪያ የሰውነት ምልክቶችን በአብዛኛው ትቶ ስሜት ላይ ስለሚያተኩርና “አዎ” ወይም “አይ” የሚል መልስ ስለሚበቃው ብዙ ጊዜ የተሻለ ምርጫ ነው። ሆኖም መውጣት ትወዳላችሁ ወይስ ቤት መቀመጥ የሚለውን የመሰለ ጥያቄ፣ በሩ በዘበኛ ለሚጠበቅ ሰው ትርጉሙ ሌላ እንደሚሆን መታወቅ አለበት።

የመርሳት በሽታቸው የጠናባቸው ሰዎች ያለፉትን ሁለት ሳምንታት አስታውሰው ሊመልሱ አይችሉም። ለእነርሱ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የኮርኔል መለኪያ አለ። ይህ መለኪያ 19 ምልክቶችን ሲይዝ፣ ጠያቂው በመጀመሪያ ተንከባካቢውን፣ ቀጥሎ አረጋዊውን አነጋግሮና አይቶ ነጥብ ይሰጣል፤ ከ10 በላይ ሲሆን ድባቴ ይጠረጠራል። ማልቀስ፣ መነጫነጭ፣ ይወዱት ከነበረው ነገር መራቅ፣ በንጋት ነቅቶ መጨነቅ የመሳሰሉት ምልክቶች ቋንቋ ሲጠፋም ይታያሉና።

ለአነጋገር ተገቢው ትኩረት ካልተሰጠ የትኛውም መጠይቅ ዋጋ አይኖረውም። እኛ አገር “እንዴት ነዎት?” ለሚል ጥያቄ መልሱ “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ” ወይም “አልሐምዱሊላህ” ነው፤ ይህ ምስጋና እንጂ የጤና መረጃ አይደለም። ያዘነ አረጋዊም “ድባቴ አለብኝ” አይልም፤ “ሆዴን ባር ባር ይለዋል”፣ “ራሴን ያቃጥለኛል”፣ “ልቤን ፍን ያደርገኛል”፣ “ሰውነቴ ዛለ” ይላል። ጠያቂው እነዚህን ቃላት እንደ ሆድ ወይም እንደ ራስ ሕመም ብቻ መዝግቦ ካለፈ ልየታው እዚያው ከሽፏል። የሁለት ሳምንቱን ጊዜም በቁጥር ከመጥራት ከሚያስታውሱት ዕለት ጋር ማያያዝ ይረዳል፤ ጥያቄው ከወሩ በ26ኛው ቀን ከተጠየቀ “ከሚካኤል ወዲህ” ማለት ልክ 14 ቀን ነው። የምግብ ፍላጎት ሲጠየቅ ጾም መሆን አለመሆኑ ይጣራ፤ በፍልሰታ ወይም በዐቢይ ጾም ወቅት “ምግብ ቀንሰዋል?” ማለት ብቻውን አይበቃም፣ ከጾሙ ሰዓት በኋላ የቀረበላቸውን በፍላጎት ይበሉ እንደሆነ መታወቅ አለበት።

በጥንቃቄ መያዝ ያለበት ሌላው ጉዳይ የሞት ሐሳብ ነው። “ሞት ረሳኝ”፣ “ምነው በቃሽ ቢለኝ” ማለት በአረጋውያን ዘንድ የተለመደ አነጋገር ስለሆነ፣ ሁሉንም እንደ አደጋ መቁጠር ልየታውን ያዛባል። ሁሉንም “የሽማግሌ ወግ ነው” ብሎ ማለፍ ደግሞ ነፍስ ሊያስጠፋ ይችላል። ልዩነቱ የሚታወቀው በመጠየቅ ብቻ ነው፤ “ይህን ሲሉ ፈጣሪ በጊዜው እንዲወስድዎ መመኘትዎ ነው ወይስ ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?” ተብሎ በእርጋታና በግልጽ ይጠየቅ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሐሳቡን በሰው ውስጥ አይተክልም። ሃይማኖታቸው የሚከለክለው መሆኑ ስለሚያሳፍራቸው መልሱ ቀጥተኛ ላይሆን ይችላልና፣ ምግብና መድኃኒት ሆን ብሎ መተው፣ ንብረት ማደል፣ መሰናበት የመሰሉ ነገሮችም ይታዩ። ሐሳቡ ካለ በዚያው ዕለት ባለሙያ ሊያያቸው ይገባል፤ እስከዚያው ብቻቸውን አይተዉም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። ፒኤችኪው-9 በአማርኛ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ በአዲስ አበባ ሆስፒታል በተመላላሽ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት በ10 ነጥብ ላይ ሲቆረጥ መጠይቁ ድባቴ ካለባቸው 86 በመቶውን እንደሚይዝ፣ ከሌለባቸው ደግሞ 67 በመቶውን ነጻ እንደሚል አሳይቷል። በቡታጅራ አካባቢ በጤና ጣቢያዎች የተደረገ ሌላ ጥናት ግን ለዚያ ሕዝብ የሚስማማው ቁጥር ከ10 በታች ሆኖ አግኝቶታል። ሁለቱም በመጦሪያ በሚኖሩ አረጋውያን ላይ የተደረጉ አይደሉም። ይሁንና የመጀመሪያውን ውጤት ወስደን 100 ነዋሪዎች ባሉበት ማዕከል 20ዎቹ ድባቴ አለባቸው ብለን ብናሰላ፣ መጠይቁ 17ቱን ይይዛል፣ 3ቱን ይስታል፤ ከቀሪዎቹ 80 ጤነኞች ደግሞ 26ቱን በስሕተት ይይዛል። ማለትም ከተያዙት 43 ሰዎች በእውነት ድባቴ ያለባቸው 17ቱ ብቻ ናቸው። ድባቴ ያለባቸው 10 ብቻ ቢሆኑ ከተያዙት 38 ያህል ሰዎች ውስጥ ሕሙማኑ ወደ 9 ይወርዳሉ። ይህ የመጠይቁ ውድቀት አይደለም፤ ልየታ የሚሠራው እንዲህ ነው። ውድቀቱ የተያዘውን ሁሉ ታማሚ ብሎ መድኃኒት መጀመር ነው።

ጉዳቱም በወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም። በአገራችን በስፋት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን በአረጋውያን ላይ መቀባዠር፣ የሽንት መታገትና መውደቅ ያመጣል፤ ስለዚህ በስሕተት ድባቴ አለባቸው የተባሉ ሰው በመድኃኒቱ ምክንያት ዴሊሪየም ሊይዛቸው ይችላል። ለሥነ ልቦና ቀውስ የሚሰጡ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለአዳዲሶቹ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሃሎፔሪዶልን ለመሰሉት ነባሮቹ በ2008 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በሌላ በኩል ያልተያዙት ሦስቱ ሰዎች መታከም በሚችል ሕመም ቀስ በቀስ ምግብ እያቆሙ ይከሳሉ፤ ሁሉም “እርጅና ነው” ይላቸዋል። ሁለቱም ስሕተቶች ሰው ይጎዳሉ፤ ለእኔ ግን ይህኛው የበለጠ ያሳዝነኛል።

ጠያቂው ማን ይሁን የሚለውም ውጤቱን ይወስናል። ምግብ የምታቀርበው ሠራተኛ ስለ ደስታቸው ብትጠይቃቸው፣ እማማ የሚያጎርሷቸውን እጅ እንዳያስቀይሙ ብለው “ምን ጎድሎብኝ” ይላሉ። ስለዚህ ከተቻለ ከጤና ጣቢያ የምትመጣ የሠለጠነች ነርስ ትጠይቅ፤ የማዕከሉ ሠራተኞች የሚያውቁትን ለብቻ ይንገሯት። ጥያቄው አብረው የሚተኙት ሰዎች በሌሉበት፣ ፈቃዳቸው ተጠይቆ፣ በአክብሮት “እርስዎ” እየተባሉ ይሁን። ከአዊ የመጡና በአገውኛ ሐሳባቸውን በተሻለ የሚገልጹ ካሉ፣ አስተርጓሚው የአልጋ ጎረቤት ሳይሆን ምሥጢር የሚጠብቅ ሰው ይሁን።

በመጨረሻም ልየታ መጀመር ያለበት የተያዘው ሰው ወዴት እንደሚላክ ከታወቀ በኋላ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አላቸው፤ ማዕከሉ በቅርቡ ካለው ጤና ጣቢያ ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ የሪፈር መንገዱን ማመቻቸት ይኖርበታል። አረጋዊው ሲላኩ ድምሩን ብቻ የያዘ ወረቀት ለሐኪሙ ብዙም አይጠቅምም። የትኞቹ ጥያቄዎች ነጥቡን ከፍ እንዳደረጉት፣ ለውጡ ከመቼ ጀምሮ እንደታየ፣ የሚወስዱት መድኃኒትና ጠበል ላይ ሳሉ ያቋረጡት ካለ፣ መስማትና ማየታቸው እንዴት እንደሆነ፣ በምን ቋንቋና በማን እንደተጠየቁ ተጽፎ፣ የዕለት ተዕለት ሁኔታቸውን የምታውቅ ተንከባካቢ አብራቸው ትሂድ።